«ፐርሰንት እንሰጥሻለን»፦ ለጓደኛ በድርሻ አፕ መሥራት

ኮድ መጻፍ የሚችል ሰው በማኅበራችን ውስጥ ተደብቆ አይኖርም። አንድ ጊዜ ለእንቁጣጣሽ ዝግጅት የመመዝገቢያ ገጽ ከሠራ በቃ፣ በሳምንቱ «አንድ ሐሳብ ነበረኝ» የሚል ጓደኛ ይመጣል። ሐሳቡ የእቁብ መቆጣጠሪያ አፕ ሊሆን ይችላል፤ ወይም እንጀራ ማዘዣ፣ ወይም የሀበሻ ልብስ ከአገር ቤት የሚያስመጣ ሱቅ። መዝጊያው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አሁን ገንዘብ የለንም፤ ግን ፐርሰንት እንሰጥሻለን።»

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች «ፐርሰንት» ነው። እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ ኮድ ከሃይስኩል ጀምሮ በትርፍ ጊዜዬ እጽፋለሁ። ጥያቄው ባለፉት ሁለት ዓመታት ሦስት ጊዜ ቀርቦልኛል። ሁለቱን ይቅርታ ጠይቄ አልፌአለሁ፤ ሦስተኛውን ተቀብዬ እየሠራሁ ነው። ጠበቃ አይደለሁም። የምጽፈው ካነበብኩትና ለተማሪዎች ነጻ ምክር ከሚሰጡ የሕግ ሰዎች ጠይቄ ከተረዳሁት ነው። ሕጉም የምንኖርበት የአሜሪካ ሕግ ነው፤ አውሮፓ ወይም ገልፍ ሆናችሁ የምታነቡ የአገራችሁን ማጣራት አለባችሁ።

የምን ፐርሰንት?

ነገሩን ለአባቴ ሳስረዳው «እህ፣ እኩል አራሽ ልትሆኚ ነዋ!» አለኝ። በአገር ቤት መሬት ኖሮት ጉልበት ወይም በሬ ያጣ ሰው መሬቱን ለሌላ በእኩል ወይም በሲሶ ይሰጣል፤ አራሹ ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፤ ምርቱ ሲገባ ይካፈላሉ። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «በሬው የማን ነው? ዘሩንስ የሚያወጣው ማነው?» የድርሻው መጠን የሚወሰነው በዚህ ነው። በሬውም ዘሩም የአራሹ ከሆነ የሚደርሰው ይበዛል፤ ጉልበት ብቻ ከሆነ ያንሳል።

ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ወደ እኛ ነገር ስናመጣቸው፦ የሰርቨሩን ወጪ በየወሩ የሚከፍለው ማነው? ለአፕል የገንቢነት መዝገብ በዓመት 99 ዶላር፣ ለጉግል ፕሌይ አንድ ጊዜ 25 ዶላር የሚከፈለው ከማን ኪስ ነው? ደንበኛ የሚያመጣው ማነው? ጓደኛችሁ ያለው ሐሳብ ብቻ ከሆነ፣ ኮዱም ወጪውም የእናንተ ከሆነ፣ 10 ፐርሰንት ማለት መሬቱም በሬውም ዘሩም ያንተ ሆኖ ሲሶ እንኳ አይደርስህም እንደማለት ነው። በአንጻሩ ጓደኛችሁ አሥር ደንበኛ ይዞ ከመጣ ወይም ሥራውን ለዓመታት ከኖረበት፣ ያ በሬም ዘርም ነው። ኮድ የምንጽፍ ሰዎች ይህን አሳንሰን የማየት ልማድ አለብን።

ምሳሌው ግን ሁለት ቦታ ላይ ይሰበራል። አንደኛ፣ የእህል ምርት በየዓመቱ አውድማ ላይ ይታያል፤ በቁና ይሰፈራል። የድርጅት ድርሻ እንዲህ አይደለም። 10 ፐርሰንት አለኝ ማለት ከሚገባው ገንዘብ 10 ፐርሰንት ይደርሰኛል ማለት አይደለም። ድርሻ ገንዘብ የሚሆነው ድርጅቱ አትርፎ ትርፉን ላካፍል ሲል፣ ወይም ሌላ ሰው ድርጅቱን ሲገዛ ነው። ሁለቱም ላይሆኑ ይችላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም አይሆኑም። ሁለተኛ፣ አራሽ ምርቱን አስገብቶ ያርፋል። ኮድ ጸሐፊ አያርፍም። ስልኩ በየዓመቱ ሥርዓቱን ያድሳል፣ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ይቆማል፣ ደንበኛ ማታ በአምስት ሰዓት «አልከፍት አለኝ» ብሎ ይደውላል። ፈተና ሳምንት ነው ብሎ የሚጠብቅ ሰርቨር የለም።

ሳይፈርሙ ሸሪክ መሆን

ብዙዎቻችን ወረቀት ካልፈረምን ምንም አልጀመርንም ብለን እናስባለን። በአብዛኞቹ ግዛቶች ሕግ ግን ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ለትርፍ አንድ ሥራ በባለቤትነት አብረው ከሠሩ፣ ባያስቡትም ሽርክና መሥርተዋል። ትርፍ ለመካፈል መስማማት ራሱ ዋና ማስረጃ ነው። እንዲህ ያለው ሽርክና ደግሞ ከዕዳ የሚጋርድ ግድግዳ የለውም፤ ድርጅቱ ያለበት ዕዳ እያንዳንዱን ሸሪክ በግል ንብረቱ ያስጠይቃል።

የሮናልድ ዌይንን ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1976 ከስቲቭ ጆብስና ከስቲቭ ዎዝኒያክ ጋር አፕልን ሲመሠርት 10 ፐርሰንት ነበረው፤ የሽርክናውንም ውል የጻፈው እሱ ነው። ከ11 ቀን በኋላ ድርሻውን በ800 ዶላር ትቶ ወጣ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ዛሬ ስንት ቢሊዮን ይሆን ነበር እያለ ነው። እኔን የሳበኝ የወጣበት ምክንያት ነው። አፕል ያኔ ኩባንያ ሳይሆን ተራ ሽርክና ነበር። ጆብስ የአንድ ሱቅ ትእዛዝ ለማድረስ ዕቃ በዱቤ ወስዷል። ሱቁ ባይከፍል አበዳሪ የሚመጣው ንብረት ወዳለው ሰው ነው፤ ከሦስቱ ይህ ነው የሚባል ንብረት የነበረው የ41 ዓመቱ ዌይን ብቻ ነበር። በዚያ ቀን ባለው መረጃ የዌይን ስሌት ጤነኛ ነው።

ስለዚህ ድርሻ ከመነጋገር በፊት ድርሻው የሚገኝበት ነገር መኖር አለበት፦ የተመዘገበ ኤልኤልሲ ወይም ኮርፖሬሽን። ሜሪላንድ ውስጥ ኤልኤልሲ ማስመዝገብ 100 ዶላር ነው፤ ከዚያ በየዓመቱ ለዓመታዊ ሪፖርት 300 ዶላር ይከፈላል። ብዙ ጓደኛሞች 300ው ሲነገራቸው ነው ነገሩ እውነት የሚመስላቸው። ለዚያ ያልቆረጠ ሰው ለእናንተም ሦስት መቶ ሰዓት ባይጠይቅ ጥሩ ነው።

ኮዱ የማን ነው?

በዚህ ርዕስ ላይ ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ ነገር ይህ ነው፤ የተማርኩትም ከሶፍትዌር ሳይሆን ከሐውልት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለቤት አልባ ሰዎች የሚሟገት «ኮሚዩኒቲ ፎር ክሪኤቲቭ ነንቫዮለንስ» የተባለ ማኅበር ለገና በዓል አንድ ሐውልት ለማሠራት አሰበ። ሐሳቡ የራሱ የማኅበሩ ነበር፦ እንደ ቅዱስ ቤተሰብ ሁለት ትልልቅ ሰዎችና አንድ ሕፃን፣ ግን በበረት ፈንታ ከመንገድ ሥር እንፋሎት በሚወጣበት ፍርግርግ ላይ የሚሞቁ ቤት አልባ ቤተሰብ ሆነው። ባልቲሞር የሚኖር ጄምስ ኧርል ሪድ የተባለ ቀራጺ ሊሠራው ተስማማ። ማኅበሩ ከ15,000 ዶላር ያልበለጠውን ወጪ ሊሸፍን፣ ሪድ ደግሞ ጉልበቱን በነጻ ሊሰጥ ተነጋገሩ። ውል አልተፈረመም። የቅጂ መብት የማን እንደሚሆን ማናቸውም አላነሡም። ሁሉም ለበጎ ሥራ የተሰባሰቡ ሰዎች ነበሩ።

ሐውልቱ ቆመ፣ ታየ፣ ከዚያም ለጥገና ወደ ሪድ ተመለሰ። ማኅበሩ በየከተማው ይዞት ሊዞር ፈለገ፤ ሪድ የተሠራበት ነገር ጉዞውን አይችልም አለ። ተጣሉ። ሁለቱም የቅጂ መብቱን በየራሳቸው ስም ለማስመዝገብ አመለከቱ፤ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1989 በአንድ ድምፅ ወሰነ፤ ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ናቸው። ሪድ በራሱ ስቱዲዮ፣ በራሱ መሣሪያ፣ ለአጭር ጊዜ የሠራ ባለሙያ እንጂ የማኅበሩ ሠራተኛ አልነበረም፤ ስለዚህ ሐሳቡ የማኅበሩ ስለሆነና ወጪውን ስለሸፈነ ብቻ ሥራው በቀጥታ የማኅበሩ አይሆንም። ምናልባት የሁለቱ የጋራ ሥራ ሊሆን ይችል እንደሆነ የበታች ፍርድ ቤት እንዲያይ ተመለሰ።

አሁን «ሐውልት» የሚለውን አውጥታችሁ «አፕ» አስገቡ። ጓደኛዬ ሐሳቡን አመጣች፣ እኔ ማታ ማታ በራሴ ላፕቶፕ ጻፍኩት፣ ደሞዝ የለም፣ ውል የለም። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ኮዱ የኔ ነው። የቅጂ መብት የሚጠብቀው የተጻፈውን ነገር እንጂ ሐሳቡን አይደለም። «ውሰጂው፣ ያንቺ ነው» ብዬ በቃል ብነግራት እንኳ ባለቤትነቱ አይሻገርም፤ ለዚያ ፊርማ ያለበት ጽሑፍ ይጠይቃል። በቃል ሊገኝ የሚችለው የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ ያ ደግሞ ለሌላ ሰው እንዳልሰጠው አያግደኝም።

ይህ ለኮድ ጸሐፊ መልካም ዜና ይመስላል። ትንሽ ብታስቡት ግን የሁለቱም እጅ ነው የታሰረው። እሷ ደንበኞቹን ይዛለች፣ ኮዱ የላትም። እኔ ኮዱን ይዣለሁ፣ ደንበኛ የለኝም። ኢንቨስተር ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኮዱ የድርጅቱ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አምጡ» ነው። ወረቀቱ ከሌለ የሚሸጥ ነገር የለም፤ የኔም ድርሻ የባዶ ድርሻ ነው። መፍትሔው ልውውጡን በአንድ ጊዜ ማድረግ ነው፦ ኮዱን ለድርጅቱ የማስተላልፍበትና ድርጅቱ ድርሻ የሚሰጠኝ ወረቀት በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ቀን ይፈረም። «አንቺ መጀመሪያ ፈርሚ፣ ድርሻውን በኋላ እናስተካክላለን» የሚለውን አትቀበሉ። በተቃራኒውም፣ ድርሻ ይዛችሁ ኮዱን አናስረክብም አትበሉ።

ከዚሁ ጋር ዘመድ የሆነ ትንሽ ነገር፦ የዶሜይን ስሙና የአፕል አካውንቱ በማን ስም ነው? በግል አካውንት የወጣ አፕ ሱቁ ውስጥ የሚታየው በናንተ ስም ነው። ደንበኛ ሲናደድ የሚያነበው ስም እሱ ነው።

ድርሻ ለቆየ ሰው

ሁለት ጓደኛሞች 50፣ 50 ተካፈሉ እንበል። በሦስተኛው ወር አንዱ ኢንተርንሺፕ አግኝቶ ሲያትል ሄደ። ሌላው አምስት ዓመት ለፋ። ድርጅቱ ሲሸጥ የሄደው ልጅ ግማሹን ይወስዳል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ወረቀቱ እንደዚያ ስለሚል ነው። ይህን ለመከላከል የተፈጠረው አሠራር ቬስቲንግ ይባላል። ድርሻው ዛሬ በስማችሁ ይጻፋል፣ ሙሉ በሙሉ የናንተ የሚሆነው ግን በቆያችሁ መጠን ነው።

በተለመደው አሠራር ጊዜው አራት ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት እስኪሞላ ምንም የለም፣ 12ኛው ወር ላይ ሩቡ በአንድ ጊዜ ይገባል፣ ቀሪው በየወሩ ይንጠባጠባል። 10 ፐርሰንት የተባለላት ሰው በ11ኛው ወር ብትወጣ ዜሮ፣ በ12ኛው ብትወጣ 2.5፣ ሁለት ዓመት ሲሞላት 5 ይኖራታል።

ይህን አሠራር እንዳለ መቅዳት ለተማሪ አይስማማም ባይ ነኝ። አንደኛ፣ አራት ዓመት ብዙዎቻችን ኮሌጅ ከምንቆይበት ቀሪ ጊዜ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ለኮድ ጸሐፊ የሥራው ክብደት ፊት ለፊት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት አብዛኛው ተጽፎ ያልቃል። ዓመት ሳይሞላ «አመሰግናለሁ፣ ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው አገኘን» ብትባሉ ኮዱ እነሱ ጋ ቀርቶ ባዶ እጃችሁን ትሄዳላችሁ። እኔ የምመርጠው ከፊሉ ሥራ ሲረከቡ፣ ቀሪው ደግሞ በመጠገንና በማሳደግ በምቆይበት ጊዜ ልክ እንዲገባ ነው።

ግብሩን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ለሥራ የተሰጠ ድርሻ በታክስ ዓይን ገቢ ነው። ኮርፖሬሽን ከሆነና አክሲዮኑ ቀስ በቀስ የሚገባ ከሆነ፣ በገባ ቁጥር በዚያን ቀን ዋጋው ይታሰባል፤ ድርጅቱ ካደገ ያልሸጣችሁት ነገር ግብር ያመጣባችኋል። 83(ለ) የሚባል ማመልከቻ አለ፤ ጠበቆች በእንግሊዝኛው ፊደል «ኤይቲ ስሪ ቢ» ይሉታል። «ግብሩን ዛሬ፣ ዋጋው ሳንቲም እያለ ልክፈል» የሚል ምርጫ ነው። 1,000,000 አክሲዮን በ0.0001 ዶላር ቢገመት 100 ዶላር ገቢ ማለት ነው፤ ያን ታስመዘግቡና ትገላገላላችሁ። ግን አክሲዮኑን በተቀበላችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለአይአርኤስ መላክ አለበት፤ 31ኛው ቀን ላይ ልመና አይሰማም። ኤልኤልሲ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ድርጅቱ አትርፎ ገንዘቡን ባንክ ቢያስቀምጠውም የትርፉ ድርሻችሁ ኬ-1 በሚባል ቅጽ ይመጣላችኋል፤ ሳንቲም ሳትነኩ ግብር ትከፍላላችሁ። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፤ ድርጅቱ በየዓመቱ ቢያንስ የአባላቱን ግብር የሚሸፍን ገንዘብ እንዲያካፍል በውሉ ማስጻፍ።

ተማሪ ቪዛ ላይ ያላችሁ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡ። ደሞዝ አልተቀበልኩም ማለት አልሠራሁም ማለት አይደለም። ድርሻ ራሱ ክፍያ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። አንድ መስመር ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት የኮሌጃችሁን የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቁ፤ ጓደኛ አትጠይቁ።

ስንት ያወጣል?

እኔ ቅዳሜና እሁድ በነርስ ረዳትነት በሰዓት 22 ዶላር አገኛለሁ። አንድ አፕ 300 ሰዓት ቢፈጅ 6,600 ዶላር የሚያወጣ ጊዜ ነው፤ ያውም በኮድ ሳይሆን በአልጋ ማንጠፍ ዋጋ። 10 ፐርሰንቱ ያን ያህል እንዲሆን ድርጅቱ 66,000 ዶላር መገመት አለበት፤ ያን የሚከፍልም ሰው መገኘት አለበት። በመሃል ኢንቨስተር ገብቶ 20 ፐርሰንት ቢወስድ 10 የነበረው 8 ይሆናል፤ ሌላ ቢደገም 6.4። ይህ መቅለል ስርቆት አይደለም። ድርጅቱ በዚያው ልክ ካደገ ትንሹ ፐርሰንት ከትልቁ ይበልጣል። ግን «አሥሬ የት ሄደ?» ብሎ ከመደንገጥ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ሠዓሊው ዴቪድ ቾ ነው። በ2005 የፌስቡክን ቢሮ ግድግዳ ሲቀባ በጥሬ ገንዘብ ፈንታ አክሲዮን መረጠ፤ ኩባንያው በ2012 ወደ አክሲዮን ገበያ ሲገባ ድርሻው ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚጠጋ ጋዜጦች ጻፉ። እውነት ነው፤ ደስም ይላል። በዚያው ዓመት የሌሎች አዳዲስ ድርጅቶችን ግድግዳ በድርሻ የቀቡትን ሠዓሊዎች ግን ማንም ቃለ መጠይቅ አላደረጋቸውም።

ስለዚህ መመዘኛዬ ቀላል ነው፦ ገንዘቡ ፈጽሞ ባይመጣ ሰዓቱን ለዚህ ሰውና ለዚህ ሥራ መስጠት እፈልጋለሁ ወይ? ሁለቱን ጥያቄ የመለስኩት በዚህ ነው። አንዱ ጓደኛዬ የፈለገው በእውነት አንድ ተራ ድረ ገጽ ነበርና ድርሻ ሳይሆን 400 ዶላር ጠየቅሁት፤ ከፈለኝ፤ በሰላም ተለያየን። ከድርሻ ውጪ ብዙ መንገድ አለ፤ አነስ ያለ ገንዘብ፣ ወይም ከሚገባው ሽያጭ ላይ ለሁለት ዓመት የተወሰነ እጅ፣ ወይም ኮዱ የኔ ሆኖ እነሱ በወር እየከፈሉ መጠቀም።

ሦስተኛው ግን የተለየ ነበር። ሁለት እህትማማቾች ጓደኞቼ እናታቸው ሆም ኬር ውስጥ ስትሠራ ነው ያደጉት። በአካባቢያችን ትንንሽ የሆም ኬር ኤጀንሲ የሚያንቀሳቅሱ ሀበሾች አሉ፤ የሠራተኛውን ተራ የሚያወጡት በስልክና በወረቀት ነው። ልጆቹ በአማርኛም የሚሠራ የሺፍት ማውጫ አፕ አሰቡ። «ሁለት ወር ይበቃል፤ 10 ፐርሰንት» አሉኝ።

ሁለት ወር እንደማይበቃ ያወቅሁት ከኮዱ ሳይሆን ከክፍል ትምህርቴ ነው። በ2016 የወጣ የፌዴራል ሕግ ሜዲኬይድ የሚከፍልበት የቤት እንክብካቤ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲረጋገጥ ያዛል። ስድስት ነገር መመዝገብ አለበት፦ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ ማን ተቀበለ፣ ማን ሰጠ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት። በዚያ ላይ የሕመምተኛ መረጃ የሚይዝ አፕ ሂፓ ይመለከተዋል፤ ኤጀንሲው ከኛ ጋር ስለ መረጃው አጠባበቅ የተለየ ውል መፈረም አለበት፤ መረጃ ቢያመልጥ ተጠያቂ አለ። ድርጅት ሳናስመዘግብ እንዲህ ያለ ነገር መንካት የዌይንን ፍርሃት ሆን ብሎ መግዛት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ተራ ማውጣት ብቻ እንዲሆን፣ የሕመምተኛ ስም እንዳይገባበት፣ ማረጋገጫው ኤጀንሲዎቹ አሁን በሚጠቀሙበት እንዲቀጥል ተስማማን።

ከዚያ ስለ ወረቀቱ አነሣሁ። ዝም አሉ። ታናሽየዋ «እኛ እኮ እህትማማች ማለት ነን፤ ወረቀት ምን ይሠራል?» አለች። ይሉኝታ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ በእንግሊዝኛ ብንነጋገር ኖሮ የማይከብድ ነገር በአማርኛ ሲባል አለመተማመን ይመስላል። ያዳነን የእናታቸው መልስ ነው። ከማድ ቤት ሆነው ሲሰሙ ቆይተው «እቁብ ስንገባ ዋስ እንጠራ የለም? ጸሐፊው ይጽፍ የለም? እስከ ዛሬ በዚያ ማን ተቀየመ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ የደረሰው ዋስ ሳያቀርብ ብር አይወስድም፤ እዚያ የተሰበሰበው ሰው ግን የሚተዋወቅና የሚተማመን ነው። ነርሲንግ የገባ ሰውም በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚሰማው ያልተጻፈ ነገር እንዳልተሠራ እንደሚቆጠር ነው። መድኃኒቱን ሰጥቻለሁ ብሎ መማል ለቀጣዩ ተረኛ አይጠቅምም።

ወረቀቱ ሁለት ገጽ ሆነ፤ የሕግ ምክር የሚሰጡት ሰዎች አይተው ሦስት ቦታ አረሙት። ድርሻዬ 15 ፐርሰንት ነው፤ 5ቱ የመጀመሪያው ሥሪት ሲረከቡ፣ 10ሩ በ24 ወር። በየወሩ የምሰጠው ሰዓት ጣሪያ አለው፤ ክሊኒካል በሚበዛብኝ ሴሚስተር ደግሞ ጣሪያው በግማሽ ይወርዳል። የሰርቨሩን ወጪ የሚከፍለው ኤልኤልሲው ነው። ኮዱ የድርጅቱ ነው፤ ድርጅቱ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድም ኤጀንሲ ካላስገባ ወደ እኔ ይመለሳል። አንዳችን ብንወጣ ያልገባው ድርሻ ለቀሩት ይመለሳል፤ የገባውን ለመሸጥ የፈለገ መጀመሪያ ለሁለቱ ያቀርባል። ታላቅየዋ አንድ ነገር ጨመረች፤ ሐሳቡን ያመጡት እነሱ ቢሆኑም የእነሱም ድርሻ እንደኔው በጊዜ እንዲገባ። እኔ ልጠይቅ አፍሬ የተውኩት ነበር።

ሰዓቱን የምንጽፈው በአንድ የጋራ ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ ሦስታችንም እንጽፋለን። እስከ ትናንት ማታ 214 ሰዓት ተመዝግቧል። 149ኙ የኔ ነው። ቀሪው 65 እህትማማቾቹ በየኤጀንሲው በር ቆመው፣ ሠራተኞቹን ተራቸውን እንዴት እንደሚቀያየሩ ሲጠይቁ ያሳለፉት ነው፤ ከዚያ በመነሣት የኔን 30 ሰዓት ሥራ አስፈርሰውኛል፤ ያም «የፈረሰ» ተብሎ በራሱ ዓምድ ተጽፏል።